ጎማ የማይቆርጥ መንገድ

በድሪያ እናቷን ጠይቃ በተመለሰች ቁጥር ከሚኒባሱ የምትወርደው የበሩን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። የመጨረሻ ልጇን ከወለደች ወዲህ ወገቧ አልጠና ብሏታል። ከአዳማ ደራ ድረስ ተጣብቃ ተቀምጣ፣ ከደራ ደግሞ እናቷ መንደር ድረስ በጋሪ ስትንገጫገጭ ውላ ስትመለስ፣ ቀና ብላ ለመራመድ ቀናት ይፈጅባታል። እናቷ አዴ ሑስና ደግሞ እያረጁ ነው፤ አለመሄድ አይቻልም። ባሏ ደሊል ሊፈታው የተነሣው ችግር ይኸው ነበር፤ ሚስቱን ሳያሳምም እናቷ ደጅ የሚያደርስ ሞተር ማግኘት።

ደሊል አዳማ ውስጥ፣ በአሰላ መውጫ ላይ ጎሚስታ ነው። ጎማ የሚጠግን ሰው መንገድን የሚያውቀው ሄዶበት ብቻ አይደለም፤ ከጎማው ላይ ያነበዋል። አሸዋ የጎማን ጥርስ እንደ ሞረድ ይበላል። የተፈጨ ድንጋይ ጎኑን ይቀድዳል። ጉድጓዳም አስፋልት ደግሞ ውስጥ ውስጡን ያሳብጠዋል፤ ከላይ ደህና ይመስላል፣ በእጅ ሲዳብሱት ግን እብጠቱ ይገኛል። ደሊል ጎማ አገላብጦ «አንተ ከመተሐራ ነው የመጣኸው» ሲል ሾፌሮቹ ይሥቃሉ፤ ብዙ ጊዜ አይስትም።

ደላላው ዛኪር ያገለገሉ ሁለት ትልልቅ ሞተሮች ግቢው አቁሞ ሲጠራው፣ ደሊል ሚስቱን ይዞ ሄደ።

አንደኛው ለረጅም የአስፋልት ጉዞ የተሠራ ነው፤ ከባድ፣ ዝቅ ያለ፣ ከፊቱ ሰፊ መስታወት የተገጠመለት። የኋላ መቀመጫው መደገፊያ አለው። ክብደቱ ወደ መሬት ስለቀረበ የአዳማ ነፋስ በጎን ሲገፋው እንኳ ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የተሠራ ረጅም ነው። ሆዱ ከመሬት ርቋል፤ ሞላው እንደ አንበጣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ጭቃ የሚመክተው የፊት ፓራፋንጎ ከጎማው ብዙ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። መቀመጫው ግን ጠባብና ጠንካራ፣ ቁመቱም የበድሪያ ወገብ ድረስ ነው።

በድሪያ እግሯን ልታነሣ ሞክራ ፊቷን አጨማደደች።

«ግመል ነው እኮ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ነው» አለ ዛኪር።

«ግመልማ ይንበረከካል» አለችው። ወዲያው ከባዱ ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን ለቀቀች። ዓይኗን ጨፈነች።

«በቃ፣ እመቤቲቱ መረጠች!» ዛኪር አጨበጨበ። «ሶፋ ነው የምሸጥልህ ደሊልዬ፣ ሞተር እንዳይመስልህ።»

«ከደራ በኋላስ?» አለች በድሪያ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አስፋልቱ እዚያ ያልቃል።»

ደሊል ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር። ከእናቷ አገር እህል የሚያወጡ አይሱዙዎች እሱ ጋ ነው የሚጠገኑት። ጎማቸውን ስንት ጊዜ አገላብጧል፤ ቁርጥ የለው፣ እብጠት የለው፣ ጥርሱ ሙሉ። እንዲህ ያለ ጎማ የሚያወጣ መንገድ ለስላሳ አፈር ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ በእጁ እያሳየ በደስታ አስረዳት።

«አንተ፣ እዚያ የተወለደ ሰው ጠይቅ» አለች።

«አንቺማ ሁልጊዜ በጋሪ ነሽ፤ ጋሪ ምን መንገድ ያሳያል? ጎማ አይዋሽም በድሪያ።»

እሷም ወገቧ አርፎላት ነበርና አልተከራከረችም፤ ደሊል ከባዱን ገዛ።

በጋው መልካም ነበር። መልካሳን አልፈው፣ የአዋሽን ድልድይ ተሻግረው፣ ደራ ሲደርሱ በድሪያ ከኋላው ታንጎራጉራለች። የገጠሩ መንገድም ደሊል እንዳለው ለስላሳ አቧራ ነበር። አዴ ሑስና ወጥተው መቀመጫውን ዳበሱና «ልጄን አልጋ ላይ አስተኝቶ አመጣልኝ!» ብለው መረቁት። ደሊል ያን ምርቃት ጎማ ቤቱ ለሚመጣ ሁሉ ያወራው ነበር።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ማለዳ የበድሪያ ወንድም ገርባ ደወለ። «እናታችን ደክማለች። ስምሽን ትጠራለች፤ ቶሎ ድረሺ።»

አስፋልቱን እንደ ወፍ በረሩት። ከደራ ተገንጥለው ጥቂት እንደሄዱ ግን ሞተሩ ቆመ። መንገዱ ጥቁር የመረሬ አፈር ነበር። መረሬ ሲደርቅ ዱቄት ነው፤ ድንጋይ ስለሌለበት ጎማ አይቆርጥም። ውኃ ሲጠጣ ግን እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በከባዱ ሞተር ጎማና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ጣት ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ጭቃው እዚያ ገብቶ ታጨቀ፣ ጎማው መዞር እምቢ አለ፣ ሞተሩም በጎኑ ተኛ። ያ ሁሉ ክብደት። ደሊል ያን ጊዜ ገባው፤ አይሱዙዎቹ እሱ ጋ የሚመጡት እህል ሲነሣ፣ በበጋ ነው። በክረምት እዚህ የሚገባ መኪና የለም፤ ስለ ክረምቱ የነገረው ጎማም አልነበረም።

በድሪያ ጫማዋን አውልቃ ያዘች። «ተወውና ና፤ በእግር እንሂድ።»

«ጭቃውን ላውጣለት፤ እደርስብሻለሁ።»

አየችው። ከዚያ ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ ብቻዋን መንገድ ጀመረች።

ደሊል በእንጨት ጫረ፣ ገፋ፣ እንደገና ታጨቀ፣ እንደገና ጫረ። ዶማ በትከሻው ያደረገ ገበሬ ከሌላ አቅጣጫ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«አካም ወንድሜ። ይሄን የሚያህል ቤት እንዴት አድርገህ አመጣኸው?»

«ትንሽ ብታግዘኝ? በጣም ቸኩያለሁ።»

«እኔም ቸኩያለሁ። ቀብር ቁፋሮ ነው የምሄደው።»

«የማን?»

«የሑስና። ጠዋት ነው ያረፈችው።»

ደሊል ሞተሩን ጭቃው ላይ ትቶ ተከተለው። በድሪያ ስትደርስ ጎረቤት ሴቶች እናቷን አጥበው ከፍነው ነበር። እናትን ማጠብ የልጅ ወግ ነው፤ ሬሳ ግን አያቆዩም፣ እሷም በመንገድ ላይ ነበረች። የእናቷን ፊት ገልጠው አሳዩዋትና ወዲያው ሬሳውን አነሡ።

ከሐዘኑ ሲመለሱ ሞተሩን በበሬ ጎትተው ደራ አስፋልት ላይ አወጡላቸው። በድሪያ አልወጣችበትም፤ የሚኒባስ ተራ ያዘች። «ጎማው ተቆረጠ?» ብላ ጠየቀችው።

«አልተቆረጠም።»

«እንግዲያው እውነትህን ነበር» አለችና ገባች። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞተር አንሥታ አታውቅም። ወንድሟን ልትጠይቅ ስትሄድ በሚኒባስና በጋሪ ነው፤ ስትመለስም ትተኛለች።

ደሊል ከባዱን ለዛኪር መልሶ በረጅሙ ለወጠው። «አሁን ምን ያደርግልሃል?» ብሎት ነበር ዛኪር፣ ሳይሥቅ። «ሴትዮዋ እንደሆነች አልፋለች።»

አሁን ረጅሙ ሞተር ግቢው ውስጥ ነው፤ ደሊል ለበድሪያ ሊያመቻቸው ይታገላል። የመቀመጫውን ስፖንጅ ቢቀንስ ወገቧን ይመታታል። ሞላውን ቢያሳጥር ሆዱ ወደ ጭቃው ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከባዱን መልሶ እንደ መግዛት ነው። ስለዚህ ከጎኑ የምትረግጠው የብረት ደረጃ ሊበይድ ቆርጧል።

ዛሬ ከሰዓት ብረቱን ይዞ ተንበርክኳል። በድሪያ ከወዲያ በኩል ልብስ ታሰጣለች።

«በድሪያ፣ እግርሽን አንዴ አንሥተሽ ታሳዪኝ? ምን ድረስ እንደምትችዪ ልለካ።»

የልጁን ሸሚዝ አራገፈችና ገመዱ ላይ ዘረጋችው። «ማን ሊጠብቀኝ ነው እዚያ የምትወስደኝ?»

ደሊል የጉልበቷን ከፍታ ከሩቅ ገምቶ ብረቱ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ፤ አየው፤ አጥፍቶ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ሌላ አሰመረ።