ያለ ባላጋራ ትውልድ አይቆጠርም

በደርግ ጊዜ ዳባት አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት መምህርት ነበርኩ። ግትር ነሽ ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ያን ደብተር የጻፍኩትም በግትርነት ነው እንጂ ማንም ጻፊ ብሎ አላዘዘኝም።

በዚያ አገር ትውልድ በቃላቸው የሚቆጥሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አገሩን ካቀናው ከመጀመሪያው አባት ተነሥተው ማን ማንን እንደወለደ፣ የትኛዋ ሴት ከየትኛው መንደር ተድራ እንደመጣች፣ አንድም ሰው ሳይዘሉ ይወርዱታል። ድሮ ርስት የሚገኘው በዚህ ቆጠራ ስለነበር ሰው ሁሉ ደጅ ይጠናቸው ነበር። መሬት ከተወረሰ በኋላ ግን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ “ትውልድ መቁጠር የፊውዳል ሥራ ነው፤ የቆጠረም ያስቆጠረም ይጠየቃል” ብሎ ከለከለ። ሽማግሌው ሳል ጠንቶባቸዋል፤ ቆጠራውን የተማረላቸው ሰው የለም። እሳቸው ቢሞቱ ያ ሁሉ ሰው አብሯቸው ሊቀበር ነው። ይሄ አናደደኝ። አንድ ወፍራም ደብተር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

“አባቴ፣ ይንገሩኝና ልጻፈው” አልኳቸው።

“ብቻዬን?” አሉ ደንገጥ ብለው። “ልጄ፣ ያለ ባላጋራ ትውልድ አይቆጠርም። ብቻዬን ከቆጠርሁማ ለራሴ እንዳማረኝ ነው የምቆጥረው። ሂጂና ያን ክፉ ሽማግሌ ጥሪልኝ።”

ክፉ ያሏቸው ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ በአንዲት ቁራሽ ርስት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሟገቷቸው የኖሩ ሰው ናቸው። መሬቲቱ ለሌላ ሰው ከተሰጠች በኋላ እንኳ ሁለቱ ሰላምታ አይለዋወጡም። እምቢ እንደሚሉኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሳቸው ግን ነገሬን ሳልጨርስ ዱላቸውን አነሡ።

“እኔ በሕይወት እያለሁ ያ ሰውዬ ብቻውን ሊቆጥር?”

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ነፋስ ከማይደርስበት በኩል እንቀመጥ ነበር። አንደኛው ይቆጥራሉ፣ ሁለተኛው ያቋርጣሉ።

“ቁም! ታላቂቱ እሷ ናት፤ አንተ ታናሽ አደረግሃት።”

“ያንተ ቅድመ አያት ስለሆነች ነው ታላቅ የምታደርጋት።”

“ታላቅ ናት አልሁ!”

እኔ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ መልሼ እጽፋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ደብተሩ ሊያልቅ ጥቂት ገጾች ሲቀሩት ሊቀ መንበሩ ሰማ። ክፍል ድረስ መጥቶ ከጠረጴዛዬ ላይ ወሰደውና ለእሑድ ስብሰባ ጠራ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር፣ “አጥፍቻለሁ በይና በገዛ እጅሽ አቃጥዪው። ያኔ ሥራሽም አይነካ፣ ሽማግሌውም አይታሰሩ። ጎመን በጤና” ሲል መከረኝ። ጎመኑንም ጤናውንም ለራስህ አልኩ በሆዴ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተሰበሰበ። መሀል ላይ እሳት ነዷል። ሊቀ መንበሩ ደብተሩን ሰጠኝና፣ “መምህርት፣ ግለ ሂስሽን አድርጊ” አለኝ።

ደብተሩን መልሼ ፊቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

“እዚህ የተጻፉት የእናንተ አያቶች ናቸው” አልኩ። “ማቃጠል የፈለገ ራሱ ያቃጥላቸው።”

“መሬት የማስመለስ ሴራ ነው!” ብሎ ጮኸ ሊቀ መንበሩ።

ይሄን ጊዜ የወንዙ ማዶ ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። “መሬቱንማ ወሰዳችሁት፤ ለኔም ለሱም አልቀረ። ነገ ልጅህን ስትድር ሰባት ቤት መራቋን በምን ልታውቅ ነው? በማኅበሩ መዝገብ?” ሰዉ በጋቢው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። “ደሞስ ከዚህ ሰውዬ ጋር ስሟገት ነው ያረጀሁ። እሱን የምረታው እኔ ነኝ፤ እናንተ አይደላችሁም።”

ሊቀ መንበሩ ደብተሩን አንሥቶ እሳቱ ውስጥ ወረወረው። ገጾቹ እየተጠቀለሉ ሲጠቁሩ አለቀስኩ፤ የንዴት ልቅሶ ነው። ባላጋራው ግን አላለቀሱም።

“በል ቁጠር!” አሏቸው ሽማግሌውን። “እዚሁ ቁጠር። አገር ሁሉ ባላጋራህ ይሁን።”

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ከመጀመሪያው አባት ጀመሩ። ሦስተኛው ትውልድ ላይ አንዲት ሴት፣ “የለም አባቴ፣ መንታ ናቸው!” አለች። ካህኑ አረሙ። ከኋላ ሌላ ሰው ተነሥቶ ተከራከረ። “ተበተኑ!” ይላል ሊቀ መንበሩ፤ የሚሰማው የለም። እኔ ወደ ክፍሌ ሮጬ ሌላ ደብተር አመጣሁ።

ሽማግሌውን ሁለት ቀን አሰሯቸው። ስንቅ ያመላለሱላቸው ባላጋራቸው ናቸው፤ በበሩ ቀዳዳም ስለ ታላቂቱና ስለ ታናሺቱ ይጨቃጨቋቸው ነበር። እኔን ከደባርቅ ማዶ ወዳለ ቆላ አዛወሩኝ። ሁለቱም ሽማግሌዎች ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ከልብሴ መሀል ሸሽጌ ያወጣሁት ሁለተኛው ደብተር ዛሬም እጄ ላይ ነው። ሊቀ መንበሩ ያቃጠለው ሁለት ሰው ብቻ የተሟገተበትን ነው፤ ይሄኛው አገር የተሟገተበት ነው። ራሱ ሊቀ መንበሩም አለበት። ከነእናቱ፣ ከነአያቱ፣ እስከ መጀመሪያው አባት ድረስ፣ አንድ ሰው ሳልዘልል ጽፌዋለሁ።