ቁልፍ የሌለው በር

ሴትዮዋ ወንበር እያለ አልተቀመጠችም። የሕክምና ክፍሉን በር ዘግታ ቀኝ ዳሌዋን አስደገፈችበት። ሻርፗ እስከ አገጯ ተጠምጥሟል። ሴትዮዋ እዚያው እንደቆመች ፊዚዮቴራፒስቷ ወገቧን ዳበሰችው። ዳሌዋ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል፤ ከበላዩ ያለው ጡንቻ ድንጋይ ሆኗል።

«እህቴ፣ የወገብሽ ሕመም ከአቋቋምሽ ነው። ቤትም እንዲህ ነው የምትቆሚው?»

«የኩሽናው በር ቁልፍ የለውም፣ ዶክተርዬ። ስሠራ በዳሌዬ ደገፍ አደርገዋለሁ።»

«ንፋስ እየከፈተው?»

«ንፋስ ቢሆንማ ምን ገዶኝ!»

እያቃሰተች አልጋው ላይ ገና ጋደም ከማለቷ የበሩ እጀታ ዞረ።

«ሚስቴ እዚህ ናት?» አለ የወንድ ድምፅ።

ለመተኛት ያቃሰተችው ሴት በአንድ ዝላይ በሩ ጋ ደረሰች፤ ዳሌዋም ቦታውን ያዘ። ፊዚዮቴራፒስቷ ትንፋሽ ሳታሰማ ሄዳ የራሷን ዳሌ ከጎኗ በሩ ላይ አስደገፈች።