በመቀስ የተቆረጠው ሰማያዊ ክር

የሶዶው ልብስ ሰፊ ጋሽ ዘርጋ ከተለዩን ዛሬ አርባ ቀን ሞላቸው። ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ሱቃቸውን ከፈቱ፤ የስፌት መኪናቸው ላይ ክር ሰክተው «ትንሽ ደከመኝ» በማለት ጋደም አሉ፤ በዚያው አሸለቡ። መርዶውን የሰማሁት ገበያ መሐል ነው። መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ሐሳብ የሚያሳፍር ነበር። «የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸውን ማን ሊወስደው ነው?» አልኩ ለራሴ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ደግ ደጉን ብቻ ብጽፍ በወደድኩ። ነገር ግን አሥራ አንድ ክረምት አብሬያቸው ዓሣ አጠመድኩ፤ አሥራ አንዱንም ክረምት ቀናሁባቸው። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብናገር ሐሰት ይሆንብኛል።

የጋሽ ዘርጋ አባት ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሙያውንም ለልጃቸው አወረሱ። በነሐሴ ወር የተማሪ ዩኒፎርም ሱቃቸውን እስከ ጣሪያው ይሞላው ነበር። የሱሪውን ጫፍ ሲያጥፉ ሁልጊዜ አራት ጣት ያህል ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ይሸሽጋሉ። ወላጆች በዓመቱ «ልጁ አደገ፣ ሱሪው አጠረ» እያሉ ሲመጡ ትርፉን ይተረትሩና ያስረዝሙላቸዋል። አንድ ቀን እኔ ፊት አንዲት እናት እያመሰገነች ስትወጣ፣ «ልጅ እንደሚያድግ እያወቀ በልኩ የሚሰፋ ሰው ጨካኝ ነው» አሉኝ። መምህር ነኝና ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ አውርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ያን ዕለትም ቀናሁ።

ቅዳሜ ሲሆን መቀሳቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ የቀርከሃ ዘንጋቸውን ይዘው መናኸሪያ ይጠብቁኛል። በሚኒባስ እስከ በዴሳ፣ ከዚያ በሞተር እስከ ብላቴ ወንዝ እንሄዳለን። በክረምት ብላቴ ሞልቶ ጋብ ሲል፣ ቢልጫ የሚሉት ዓሣ ዕንቁላሉን ሊጥል ከዓባያ ሐይቅ ተነሥቶ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የእኛ ሠርግ ያ ነበር።

ሠርጉ ግን የእርሳቸው ነው፤ እኔ ታዳሚ ነኝ። እርሳቸው አራት ሲያወጡ እኔ ትል አጥባለሁ። አንድ ቅዳሜ አልቻልኩም።

«ጋሽ ዘርጋ፣ ቦታ እንቀያየር?» አልኳቸው።

«ደስ ይበልህ፣ መምህር» ብለው ተነሡ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ እኔ ሙሉ ጠዋት ከተጎለትኩበት ድንጋይ ላይ ሁለት አወጡ። ዘንግ እንቀያየር አልኩ። በእኔ ዘንግ ሦስተኛውን አወጡ። ያመጣን ባለሞተር ሣሩ ላይ ተንጋሎ ይመለከተን ነበር፤ «መምህር፣ ዓሣው ጋሼን ብቻ ነው የሚያውቀው ማለት ነው» ብሎ ሳቀብኝ። መንጠቆዬን በኃይል ወደ ውኃው ወረወርኩ። ጋሽ ዘርጋ ግን ሳይስቁ፣ «ያለ ልክ የተሰፋ ልብስና በንዴት የተወረወረ መንጠቆ ባለቤቱን ያሳፍራል» አሉኝ። ምክር ነበር፤ እኔ ስድብ አድርጌ ወሰድኩት።

ዕንቁላል ያዘለች ከያዙ፣ ምንም ያህል ትልቅ ብትሆን፣ መንጠቆዋን ቀስ ብለው ነቅለው ይመልሷታል። «ነፍሰ ጡር ናት፤ መንገድ እንልቀቅላት» ይላሉ። እኔ አንድም ሳልይዝ እርሳቸው የያዙትን ሲለቁ ማየት ምን እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው። ዓሣው በብዛት የሚወጣው በፍልሰታ ጾም ነው፤ ጋሽ ዘርጋም በጾም ዓሣ አይቀምሱም ነበር። «እናቴ አላስለመደችኝም» ይላሉ። ስለዚህ ግማሹን ኦቶና ሆስፒታል በሽተኛ ለሚያስታምሙ ሰዎች ይሰጣሉ፤ ግማሹን ለእኔ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ዓሣ የሚከለክለኝ የለም። የሚያጠምደው አይበላም፣ የሚበላው አያጠምድም። ለመያዝ እንዲመቸኝም ጂንስ የሚሰፉበትን ወፍራም ሰማያዊ ክር በዓሦቹ ጉንጭ አሳልፈው አስረው ይሰጡኛል።

ዓሣ ይዤ የገባሁ የመጀመሪያው ቀን ባለቤቴ አስቴር በር ላይ ተቀበለችኝና «ውይ! አንተ ነህ ያጠመድከው?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። አንዲት ቃል ናት።

በሳምንቱ ሦስታችንም ገበያ ተገናኘን። አስቴር፣ «ጋሼ፣ ባለቤቴ ዓሣ አጥማጅ ሆነልኝ እኮ!» አለቻቸው። ጋሽ ዘርጋ አንድ ጊዜ ዐይን ዐይኔን አዩኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ይህ ብቻ ነው እንዴ?» አሉ ወዲያው፤ «እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ቃላቸውን አላጠፉም። ሱቃቸው ለገባ ሁሉ «አስተማሪዬ መምህር ነው» ሲሉ ኖሩ። ብቻችንን ስንሆን ግን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ማመስገን ሲገባኝ ይበልጥ ቀናሁ፤ ውሸት እንኳ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያምርባቸው ነበር።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ እጄን እየጨበጠ «ተማሪህን አጣህ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው እትዬ ብርቅነሽ የቀርከሃውን ዘንግ ይዘው ከቤት ወጡ። በሰው ሁሉ ፊት፣ «ይህ የሚገባው ላስተማረው ነው» ብለው አስታቀፉኝ። አሥራ አንድ ክረምት የተመኘሁትን ዘንግ ይዤ ቆምኩ። «እኔ አላስተማርኳቸውም» ማለት ነበረብኝ። ዘንጉን አቅፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ብላቴ ወረድኩ። በእርሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ በእርሳቸው ዘንግ ወረወርኩ። እስከ ቀትር ምንም የለም። ከቀትር በኋላ ክሩ ተወጠረ፤ ሳብኩ። በዕድሜዬ ብቻዬን ያወጣኋት የመጀመሪያዋ ቢልጫ ናት፤ ክንዴን ታክላለች። ገልብጬ ሳያት ሆዷ በዕንቁላል ተወጥሯል። ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ማንም አልነበረም። ይዣት ብሄድ የሚያውቅብኝ የለም። ብዙ ቆየሁ፤ በመጨረሻ መንጠቆዋን ነቅዬ ለቀቅኳት።

ቤት ስደርስ አስቴር ባዶ እጄን አየች። ሳትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእስከ ዛሬው ዓሣ የማን እንደነበረ፣ ዛሬ ምን ይዤ ምን እንዳደረግሁ። ለዓሣው ማባያ የፈጨችውን ዳጣ አስቀምጣ ረጅም ሳቅ ሳቀች።

«የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩት» አለች። «ክሩ የጂንስ ክር ነው፣ ጫፉ ደግሞ በመቀስ እኩል ተቆርጧል። ብላቴ ዳር መቀስ ይዞ የሚሄድ ማነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ጋሼ እንደዚያ ደክመው የሸፈኑህን እኔ ልግለጥህ?» ከዚያ ባዶ እጄን ያዘችው። «የዛሬዋን ግን አንተ ነህ የያዝካት። አምኜሃለሁ።»

እንግዲህ የምታውቋቸው ሁሉ ስሙኝ፤ ጋሽ ዘርጋን ዓሣ ማጥመድ ያስተማርኳቸው እኔ አይደለሁም። እትዬ ብርቅነሽ ይህን አንብበው ዘንጉን መልስ ካሉኝ እመልሳለሁ። አጥብቀው ባይጠይቁኝ ግን ደስ ይለኛል።

ጋሽ ዘርጋ፣ ቅናቴ እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚለቅ አይደለም። ለቅሶዎ ላይ የመጣውን ሰው ብዛት ሳይ እንኳ «ለእኔ ይህን ያህል ይመጣ ይሆን?» ብያለሁ። እርስዎ ቢሰሙ ትርፍ ጨርቅ ፈልገው ይህንንም ይሸፍኑልኝ ነበር። ከእንግዲህ ግን አይድከሙ፤ እኔው ገልጬዋለሁ። ዛሬ አርባዎ ነው፤ ወንዙም ሞልቶ ጋብ ብሏል። ይውጡ፣ ጋሽ ዘርጋ። መንገድ ለቅቀንልዎታል።