ሚስ ቨርሊን ያስተማሩት አቋቋም

ሚስ ቨርሊን ተግል እሁድ እሁድ ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲቆሙ ያያቸው ሰው፣ ሴትዮዋ አንድም ቀን ከፍቷቸው የሚያውቅ አይመስለውም። በእርግጥም ደስተኛ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ምላሳቸው ግን ገና ሥራ ላይ ነው። አርፍዶ የሚመጣውን ሁሉ፣ ዲያቆንም ቢሆን፣ ሳይሸነቁጡት አያስገቡም። ደግሞ ማንም አይቀየማቸውም።

የልባቸው ኩራት ምእመኑን ተቀብለው የሚያስቀምጡት ወጣቶቹ አስተናጋጆች ናቸው። በአሜሪካ፣ በደቡብ ጆርጂያ፣ በጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን፣ አስተናጋጅነት የዋዛ ነገር አይደለም። አስተናጋጅ አያወራም፣ በእጅ ምልክት ነው የሚግባባው። ታላቅ ሰው ሲጠራው ቀጥ ብሎ ይቆምና ግራ እጁን አጥፎ ከወገቡ ኋላ ያደርጋል፤ ልታዘዝ ማለቱ ነው። ሚስ ቨርሊን ይህንን ከማለማመዳቸው ብዛት፣ ልጆቹ ሱቅ ውስጥም ሆነ መምህር ፊት ሳያስቡት እጃቸው ወደ ኋላ ይሄዳል። እናቶቹም ይህን እያዩ ይስቁ ነበር።

ትሬቨን ከሁሉም የሚሳሱለት ልጅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በሞላው ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ከኳስ ልምምድ ሲመለስ በአዲሱ ሰፈር በኩል አቋርጦ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ኬስለር የሚባል ሰውዬ ከበረንዳው ሆኖ ጮኾ ጠራው። ልጁ ቆሞ ዞር አለ። ሰውየውም ተኮሰ።

ጥይቱ ግራ ትከሻውን መታው እንጂ፣ ተመስገን፣ ነፍሱ ተረፈች። ኬስለር ለፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነበር፤ ልጁ እጁን ወደ ኋላ ሲሰድ ሽጉጥ ሊያወጣ መስሎኝ ራሴን ተከላከልኩ አለ። ልጁ ኪስ ውስጥ ከቤት ቁልፍ በቀር የተገኘ ነገር የለም። ትሬቨን ግን እጁ ምን ያደርግ እንደነበር አላስታውስ አለ። እናቱ ሻሪስ የልጄ እጅ ፈጽሞ አልተንቀሳቀሰም ብላ ድርቅ አለች። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ እዚያች እጅ ላይ ወደቀ።

ሚስ ቨርሊን ወሬውን እንደሰሙ፣ ያ እጅ ወደ ኋላ መሄዱን ማንም ሳይነግራቸው አወቁት። ሻሪስም ማወቃቸው ገብቷት ወጥ ቤታቸው ድረስ መጣች።

«ሚስ ቨርሊን፣ በሞቴ ዝም ይበሉ» አለች። «እጁ ወደ ኋላ ሄዷል ካሉ እኮ ሰውየው እውነቱን ነው ማለት ነው። ነፃ ያወጡታል።»

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልመጣ አላቸው። ቢዋሹ ልጁ በሐሰት ነው የሚቆመው፤ ሐሰት ደግሞ ከተነቃ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። እውነቱን ቢናገሩ የገዛ ልጃቸውን ያህል የሚወዱትን ልጅ አሳልፈው መስጠታቸው ነው። በመጨረሻ ኬስለርን ለከሰሰችው ዐቃቤ ሕግ ነገሯት። እሷም ብዙ ካሰበች በኋላ በምስክርነት ቆጠረቻቸው። ሻሪስ አኮረፈቻቸው።

ፍርድ ቤት ቀርበው አቋቋሙን እንዴት እንደሚያስተምሩ ከተናገሩ በኋላ፣ የኬስለር ጠበቃ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ፈካ ብሎ ተነሣ።

«ስለዚህ ልጁ እጁን ወደ ኋላ አድርጓል ነው የሚሉት?»

«አዎ።»

«ደንበኛዬ ያየው እውነት ነው ማለት ነዋ?»

«አይቷል። ሰውየው ጠራው፣ ልጁ ደግሞ ታላቅ ሰው ሲጠራው እንደሚቆም ቆመለት። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የተኮሰው ሊታዘዘው በቆመ ልጅ ላይ ነው።»

ጠበቃው፣ ታዲያ ደንበኛዬ ይህን በምን ያውቃል አላቸው።

«ይጠይቀው ነበራ» አሉ ሚስ ቨርሊን። «ልጁ እኮ የቆመው ሊመልስለት ነው።»

ለፍርዱ ከሕዝብ የተመረጡት አሥራ ሁለቱ ሰዎች በማግስቱ ኬስለር ጥፋተኛ ነው አሉ። ሻሪስ አዳራሹ ውስጥ ሚስ ቨርሊን አንገት ላይ ተጠምጥማ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ እሳቸውም አለቀሱ። ልባቸው እንደዚያ ቀን ቅልል ብሏቸው አያውቅም።

ትሬቨን ወደ አስተናጋጅነቱ ሲመለስ ግራ እጁ ወደ ኋላ አልታጠፍ አለው። ሲሞክር ፊቱ ይጨማደዳል። ሚስ ቨርሊን አይተው እንዳላዩ ሆኑና ልጆቹን ሁሉ ሰብስበው፣ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ኋላ የሚሄደው ቀኝ እጅ ነው ብለው አዘዙ።

«ሚስ ቨርሊን፣ ሥርዓቱ እኮ በግራ ነው» አለ ትሬቨን።

«ሥርዓቱን ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው አፍህን ዝጋና ቁም።»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ እንግዶች ቀኙን ሲያዩ፣ እነዚህስ ተሳስተዋል ብለው ይንሾካሾካሉ። ሚስ ቨርሊን ይሰማሉ፣ ደስ ይላቸዋል፤ ጓንታቸውን እያስተካከሉ ወደ መቀመጫቸው ይመሯቸዋል።

ልጆቹን ሲያሰናብቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራሉ። ከዚህ በር ስትወጡ፣ ማንም ይጥራችሁ ማን፣ ሁለቱም እጆቻችሁ ከፊት ሆነው ይታዩ ይላሉ። ይህን ሲናገሩ ብቻ ነው ያ ደስታ ከፊታቸው የሚጠፋው። ልጅን ሰው አታክብር ብሎ እንደ ማስተማር ይሆንባቸውና ይናደዳሉ። ቢሆንም አንድም እሁድ ሳይናገሩት አይቀሩም።