ወንዛችን ላይ የጨመርኩት ሰባት ዓመት

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሪያድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፈርቻለሁ፣ ብዙ ጊዜም አፍሬአለሁ። የዚያን ቀን ግን ሁለቱም ባንድ ላይ መጡብኝ። መጨረሻው ደግሞ እንዳሰብኩት ስላልሆነ ነው እስከዛሬ ከልቤ ያልወጣው።

ራውዳ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማዳሜ ክፉ አይደለችም፣ በአስራ አምስት ቀን አንዴ ጁምዓን ትለቀኛለች። ያን ጊዜ ጀራዲያ ወደሚባለው ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ የወሎ ልጆች በጋራ የተከራየናት አንዲት ክፍል አለችን። ልብሳችንን እናጥባለን፣ እንተኛለን፣ ሰው እናማለን።

አንድ ጁምዓ አብሮ አደጌ ከድጃ አንዲት ልጅ ይዛ መጣች። ሃያት ልበላት። ስሟን ቀይሬዋለሁ፣ ስም መቀየር ለእኛ ብርቅ አይደለም። የደሴ ልጅ ናት፣ እዚሁ ሪያድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ትማራለች። የአየር ንብረት ለውጥ ወንዞችን ምን እንዳደረጋቸው ነው የምታጠናው። ዶክተር ልትሆን ነው ሲባል ከመካከላችን ትልቋ እታበዛሁ ወዲያው የሚያማትን ጉልበቷን ገልጣ አሳየቻት። ሃያት አልሳቀችባትም። "እኔ የማክመው ውሃ ነው፣ እትዬ" አለቻት በትሕትና።

ከምታጠናቸው ወንዞች አንዷ የኛዋ ጥቁር ውሃ ናት። ከፍታዋን እየለካ የሚመዘግብ ሰው ለብዙ ዓመት ስላልነበረ መዝገቡ መሃሉ ባዶ ነው አለችን። "ባዶውን የምትሞሉልኝ እናንተ ናችሁ። የወንዟ ልጆች ግማሾቻችሁ እዚህ ናችሁ።"

አጠያየቋ ደስ ይል ነበር። "ውሃው እስከየትሽ ይደርስ ነበር? ጉልበትሽ? ወገብሽ? ልብስ የምታጥቡበት ድንጋይ በሚያዝያ ጫፉ ይታይ ነበር?" ሪያድ ከመጣሁ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ድስትና ስለ ምንጣፍ ነው። ስለዚያ ድንጋይ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ወሬዬ አላልቅ አለ። ወንዟ መጀመሪያ ስትደርቅ አስራ ሁለት ዓመቴ እንደነበረ ነገርኳት። እውነቴን ነው።

መጨረሻ ላይ ዕድሜሽ ስንት ነው አለችኝ። ሠላሳ አራት አልኳት።

ይሄኛው ውሸት ነው። ያኔ ሃያ ሰባቴ ነበር። ከአገሬ ስወጣ አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ደላላው ለፓስፖርቱ ብሎ ሰባት ጨመረልኝ። ወለተ ማርያም ተብዬ ለተጠመቅኩት ለእኔ የሙስሊም ስም አወጣልኝ። ኢቃማዬ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በዚሁ ስምና ዕድሜ ነው። ወረቀት የያዘ ሰው ዕድሜ ከጠየቀን አፋችን ሳናዘው የፓስፖርቱን ይመልሳል። ክፍሏ ውስጥ ሁላችንም እንዲሁ ነን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ነው እንጂ።

ከወር በኋላ ሃያት ተመልሳ መጣች። ከስታለች። ምንጣፉ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጋች። ወረቀቱ ላይ የዓመታት መስመር አለ፣ እያንዳንዳችን መስመሩ ላይ አንዳንድ ነጥብ ሆነናል።

"አስራ አንድ ሴት ጠየቅሁ፣ ወንዟም በአስራ አንድ የተለያየ ዓመት ደረቀችብኝ" አለች። "አስተማሪዬ የቤት ሠራተኛ ወሬ ነው፣ ምዕራፉን አውጥተሽ ጣይው ብሎኛል። የመጨረሻ መልሴን የምሰጠው ማክሰኞ ነው። እኔ ግን ውሃ ቀድታ ያደገች ሴት የውሃን ነገር አትስተውም ብዬ ተከራክሬአለሁ። የት ጋ እንደተሳሳትኩ ንገሩኝ።" ጥፋቱን ራሷ ላይ አደረገችው።

ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺና ከድጃ ደርቃ ያያችኋት በአንድ ቀን ነው ብላችሁኛል።"

"አዎ፣ አብረን ነው ባዶ ጀሪካን ይዘን የተመለስነው።"

"ሁለታችሁም አስራ ሁለት ዓመታችን ነበር አላችሁ። ከዛሬ ዕድሜያችሁ ቆጥሬ ወደኋላ ስመለስ ያንቺ ከሷ በአራት ዓመት ይቀድማል። እንዴት ነው ነገሩ?"

ያኔ ገባኝ። ሥራዋን ያበላሸው የፓስፖርቱ ዕድሜ ነው። እውነቱን ብናገርና ጀዋዛት ጆሮ ቢደርስ፣ ኢሚግሬሽን ማለት ነው፣ የሚጠብቀኝ ታስሮ ወደ አገር መጠረዝ ነው። እናቴና ሁለት ወንድሞቼ የሚበሉት ከኔ እጅ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ የልጅቷ የስንት ዓመት ድካም ገደል ሊገባ ነው። ከድጃ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ ቀረች። ማንም አያየኝም።

"እህቴ" አልኳት፣ "ወንዟም አልተሳሳተች፣ አንቺም አልተሳሳትሽ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው።"

ከዚያ ከድጃ "የኔ ሦስት ነው የተጨመረው" አለች። ከጥግ "የኔ አምስት" የሚል ድምፅ መጣ። "የኔ ስምንት" አለች ሌላዋ። እታበዛሁ ደግሞ "የኔስ ተቀንሶልኝ ነው፣ አስር" አለችና ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን።

ሃያት አልተቆጣችም። የስማችን ዝርዝር ያለበትን ገጽ ከደብተሯ ቀድዳ በእጄ ሰጠችኝ። "ስም አያስፈልገኝም፣ መጀመሪያውኑ መጻፍ አልነበረብኝም" አለች። "ወላሂ፣ ወር ሙሉ ወንዟን ነው የጠረጠርኩት።" ከዚያ እርሳስና ላጲስ አወጣች። ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ነጥቦቻችንን አንድ በአንድ እያጠፋች ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። ስትጨርስ የተበተኑት ሁሉ አንድ አካባቢ ተሰብስበዋል። እኔና ከድጃ አንዳችን ባንዳችን ላይ ነበርን። ዝርዝሩን እዚያው ቆራርጬ ጣልኩት።

በር ላይ ስሸኛት "ለምን ገና በልጅነትሽ መጣሽ?" አለችኝ።

"ወንዟ ደረቀች፣ አባቴ በሬዎቹን ሸጠ። አራት ዓመት እንደምንም ቆየን፣ ከዚያ ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ ተላክሁ።"

እንባዋ መጣ፣ አቀፈችኝና ሄደች።

ምዕራፉ አልተጣለም። ሃያት ዛሬ ዶክተር ናት። ብዙ የተማረ ሰው ቤት ጠርጌአለሁ፣ እንደሷ የሰውን ቃል አክብሮ ጥፋቱን ከራሱ የሚፈልግ ግን አላየሁም። የጥናቱን መጽሐፍ ጀራዲያ ድረስ አምጥታ አሳይታኛለች። እንግሊዝኛ ስለሆነ አላነበብኩትም። አንድ ገጽ ላይ ጣቷን አድርጋ "ይቺ አንቺ ነሽ" አለችኝ። ስም የለውም፣ ሃያ ሰባት የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር ማንበብ አያቅተኝም።

በቅርቡ ኢቃማዬ ሲታደስ ጸሐፊው ዕድሜዬን ጠየቀኝ። ሠላሳ አምስት አልኩት፣ ምን ላድርግ። በውስጤ ግን ያንን ገጽ እያሰብኩ ደስ አለኝ። በዚህ ሁሉ ከተማ እውነተኛ ዕድሜዬ የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም የወንዛችን መድረቅ የተጻፈበት ገጽ ላይ።