ለክፉ ቀን የሰቀልኩት ገብስ

ዛሬ ጠዋት የዘር ገብሴን ቆልቼ በላሁት። ሁሉንም አልበላሁትም፤ የቆላሁት ግን ሁሉንም ነው። የበልግ ዝናብ ዘግይቶ ዘግይቶ ትናንት ገና መሬቱን ባራሰበት፣ አገሩ ሁሉ ዘር ይዞ በሚሯሯጥበት ቀን እኔ ኩበት አንድጄ ዘሬን አማስል ነበር። ቆሎው ደግሞ እንዴት ያምራል መሰላችሁ፤ አንድም ፍሬ አላረረብኝም።

እዚህ ላይ እንዴት እንደደረስኩ ለማስረዳት ስለ ብልህነቴ ጥቂት መናገር አለብኝ። ጥፋቱ ከስንፍና የመጣ ቢሆን ወሬው አጭር ነበር። የመጣው ከጥንቃቄ ስለሆነ ረዘም ይላል።

ካቻምና ውርጭ እሸቱን በአንድ ሌሊት እንደ ገለባ አደረገው። እኔም ለዘር የሚሆን እንኳ ሳላገኝ ቀረሁ። ያን ጊዜ ያዳነችኝ ጎረቤቴ ናት። ባሏ የሞተባት፣ በሬዋን ከበሬዬ ጋር የምታቀናጅ ሴት ናት፤ እሷ አንድ በሬ አላት፣ እኔም አንድ፤ ሁለቱን አጣምረን ተራ በተራ እናርሳለን። ቶሎ ከሚደርሰው ደቃቅ ገብሷ ሰፍራ ሰጠችኝና ዘራሁ። ዘሩን ተሸክሜ ከደጇ ስወጣ ግን ሁለተኛ የማንንም ደጅ አላንኳኳም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ከዚያ ወዲህ ለክፉ ቀን እዘጋጃለሁ። ጓዳውን በኩበት ሞላሁት፤ ባለቤቴ አሁን አልጋዋ ላይ ለመድረስ ጎኗን አዙራ ነው የምታልፈው። ውኃ በጀሪካን ደረደርኩ፣ ክብሪቱን በላስቲክ ጠቀለልኩ፣ በፀሐይ የሚሞላ መብራትም ገዛሁ፤ እሱንም ፀሐይ በማይደርስበት ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አንድ አሮጌ ጋን ሙሉ በሶም አስቀመጥኩ። ክፉ ቀን እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው ብዬ ሕግ አወጣሁ። እኔ ብቻ አለመበላሸቱን ለማረጋገጥ በየቀኑ እቀምስ ነበር። ከጥምቀት ወዲህ አረጋግጬ ጨረስኩት።

የዓምናው አዝመራ ደግ ስለነበር ከደቃቁ ገብስ ለታችኛዋ ማሳዬ የሚበቃ ዘር ለየሁ። ነቀዝ እንዳይነካው በአመድ ለወስኩት፤ አይጥ እንዳይደርስበት ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ሰቀልኩት። ከአይጥም ይልቅ የፈራሁት ራሴን ነበር። አጠገቡ ደግሞ የመብሉን ገብስ ሰቀልኩ። እንዳይምታቱብኝ አንዱን በአንድ ቋጠሮ፣ ሌላውን በሁለት ቋጠሮ አሰርኩ። አንዱ ቋጠሮ የመብሉ ነበር። ወይም የዘሩ።

ዛሬ ባለቤቴ ሁዳዴ ሳይገባ ሽሮና ዘይት ልትሸምት በማለዳ ወደ ሞላሌ ገበያ ወረደች። ስትወጣ ከበሩ መለስ ብላ፣ "አደራህን፣ አንተ ሰው፣ እስክመለስ ምንም ነገር አትንካ" አለችኝ። ይህን የመሰለ ቃል ሰምቶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ባል ካለ እኔ አላየሁትም። ለበሶ የሚሆን ገብስ ልቆላና ስትመለስ ጋኑ ሞልቶ ታገኘዋለች ብዬ መሰላል አቆምኩ።

ባለ አንድ ቋጠሮውን አውርጄ ስፈታው አመድ ቦነነ። ሰው እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ይላል። እኔ ግን፣ "ይቺ ሴትዮ ምድጃ ስትጠርግ አመዱን ወደ መብላችን ነው እንዴ የምትደፋው?" ብዬ እያጉረመረምኩ ሰፌድ አነሳሁ። አበጠርኩ፣ አነፈስኩ፣ አስነጠስኩ። ነቀዝን ለመከላከል በገዛ እጄ የለወስኩትን አመድ በገዛ እጄ አንድ በአንድ አስወገድኩ። ከዚያ ብረት ምጣዱን ጥጄ በየተራ ቆላሁት።

የመጨረሻውን ሳወርድ ጎረቤቴ ከደጅ ድምፅ አሰማች።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የእኔን ማሳ ጨርሰናል። ከአሁን በኋላ ተራው የእርስዎ ነው። ወንድሜ በሬዎቹን ወደ ታችኛው ማሳ እየወሰደልዎት ነው፤ ዘሩን ይዘው ይውረዱ።"

"እወርዳለሁ። እስቲ ግቢና ቆሎ ቅመሺ። ያለ ማንም እርዳታ የቆላሁት ነው።"

አንድ እፍኝ ዘገነች። ቆረጠም ቆረጠም አድርጋ መንጋጋዋን አቆመች። መዳፏን ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አድርጋ አየች።

"ጋሼ፣ ይሄን ገብስ ከየት አመጡት?"

"ከቤቴ ነዋ። የመብሉ ነው።"

"ጢምዎ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?"

"ከገብሱ የወጣ አመድ።"

"በአመድ የሚለወሰው ምን ዓይነት ገብስ ነው?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ጢሜን በእጅጌዬ ጠረግሁ። እሷ መሰላሉ ላይ ወጥታ ባለ ሁለት ቋጠሮውን ማዳበሪያ በጣቷ ወጋ አደረገችና ጥቂት ፍሬ አወጣች። ትልልቅ፣ ደልዳላ፣ ንጹሕ ገብስ።

"መብሉማ ይኸውልዎ" አለች።

ምጣዱ አጠገብ ቁጭ አልኩ። መሰላሉ ላይ እንዳለች ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ወርዳ ነጠላዋን አፏ ላይ ስትይዝ ነው መሳቋ የገባኝ። እኔም ሳልፈልግ ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ማሳዬ ዛሬ ካልተዘራች እርጥበቱ ይበርባታል፤ የበሬውም ተራ ያልፋል፤ ሌላ ዝናብ ይምጣ አይምጣ ደግሞ ማን ያውቃል። ዘንድሮ ሬዲዮው ይዘንባል አለ፣ ስልኩ ደመና በሥዕል አሳየ፣ እኔም ጉልበቴን ስለሚቆረጥመኝ ቀርቧል ብዬ ተናገርኩ። ሦስታችንም ውሸታሞች ሆነን ነው የከረምነው።

"እንግዲህ ይሄን ትልቁን ልዝራው?" አልኳት።

"እሱ ሲንቀረፈፍ ክረምቱ ይደርስበታል። እሸት እንደያዘ በረዶ ያጭድልዎታል። ጠፍቶዎት ነው?"

አልጠፋኝም። የቀረኝን አንድ ነገር ሽሽት ነው እንጂ። የቀረኝ የማልኩበትን ደጅ ማንኳኳት ነበር። እሷ ናት የቀደመችኝ።

"ካቻምና ዘር የሰጠሁዎት ለእርስዎ ብቻ መስሎዎት ነው?"

"ታዲያ ለማን?"

"ለራሴም ነዋ። እኔ ዘሬን ባንድ ቤት አላስቀምጥም። እሳት አለ፣ አይጥ አለ፣ ውርጭ አለ። እኔ ቤት አለኝ፣ ቀየት አገር ያለችው እህቴ ቤት አለኝ፣ እርስዎ ቤት ነበረኝ። የእኔ ከጠፋ ከጋሼ እወስዳለሁ እያልኩ ነበር ተዝናንቼ የምተኛው።" ምጣዱን በአገጯ አመለከተች። "መዝናናቴን ቆሉብኝ ማለት ነው።"

እኔ ለክፉ ቀን ኩበትና ጀሪካን ስሰበስብ እሷ ሰው ስትሰበስብ ኖራለች። ከሰበሰበቻቸው መካከል አንዱ እኔ ነበርኩ። እንደ ጎታ ቆጥራ አምናኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጎታ ሆኜ እንኳ አይጥ የማያደርሰውን ጥፋት አደረስኩ።

ቤቷ ይዛኝ ሄደች። የሰጠችኝ ገብስ፣ የዘራችው በዝናብ እጦት ቢደርቅባት ደግማ የምትዘራው መጠባበቂያዋ ነው። ይህን ስለማውቅ ስትሰፍር እጇን ያዝኩት።

"ዝናቡ ቢቀርስ? አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?"

"ቀየት እሄዳለሁ። እርስዎ ደግሞ ይሸከሙልኛል።" ቁናውን ሞልታ ገለበጠችልኝ። "ሲደርስልዎት ዘሩን በዘር ይመልሳሉ፤ ለእሱ አልቸኩልም። አንድ ጣሳ ቆሎ ግን ዛሬውኑ እፈልጋለሁ። የዘር ገብስ ቆሎ በዕድሜዬ በልቼ አላውቅም። ማን ደፍሮ ይቆላል?"

"ጣሳ ብቻ? ጣሳማ ምን አላት!" አልኩ። ዘር ካገኘሁ ወዲያ ኩራቴ ቶሎ ነው የተመለሰው።

ዘሩን ተሸክሜ፣ ቤቴ ጎራ ብዬ ስመለስ የምሰጣትን ቆሎ በኮቴ ኪስ ሞልቼ ወደ ማሳ ወረድኩ። ወንድሟ ሞፈሩን ተደግፎ ይጠብቀኛል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወርዷል።

"ጋሼ፣ ዛሬ የሚዘሩት ጥሬውን ነው ወይስ የበሰለውን?"

"የበሰለው ቶሎ ይደርሳል ብለው ነግረውኝ ነው" አልኩት።

ገና ማረስ ሳንጀምር፣ እሱ ሳቁን እስኪጨርስ በሬዎቹ ሣር ጋጡ። እሱ ያርሳል፣ እኔ እበትናለሁ። ዘር መበተን ላይ ማንም አይስቅብኝም፤ እጄ ከጭንቅላቴ የተሻለ ያስታውሳል። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ብርድ ስለነበረው ሰውነቴን ለማሞቅ ከኪሴ አንዳንድ ቆሎ ወደ አፌ ጣል አደርግ ነበር። ግራ እጄ ወደ አፍ፣ ቀኝ እጄ ወደ መሬት። አንድ ጊዜ ግራና ቀኙ ተምታቱብኝና ጥሬ ገብስ ስቆረጥም ራሴን አገኘሁት። መሬቱ ላይ ምን እንደበተንኩ እንግዲህ ሲበቅል እናየዋለን። ካልበቀለም ያን ቦታ ለይቼ አውቀዋለሁ።

ጨርሰን ዘሩ አፈር ሲለብስ ደመናው ዝቅ ብሎ ካፊያ ጀመረ። ወንድሟ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ወደ ላይ ሰጠ። እኔም እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ጣቶቼ ስፌቱን ብቻ ነኩ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ከገበያ ገብታለች። ወሬውን መንገድ ላይ ተቀብላዋለች። ቆሎውን በሙሉ ጋኑ ውስጥ ገልብጣ፣ አፉን ከድና በጭቃ እየመረገችው ነው።

"ለጎረቤታችን አንድ ጣሳ ስጪኝ" አልኳት።

"ክፉ ቀን መጥቷል?"

"ለእኔ መጥቷል።"

"ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ። በስተርጅና የምታፈርሰው ምን ሆነህ ነው?" አለችና ጭቃውን በመዳፏ አለሳለሰችው።

ይህን የምጽፈው እጄን አሙቄ፣ ፊቴን ለጋኑ ሰጥቼ ነው። ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ በቢላ ጫፍ ቀስ ብሎ ይነሣ ነበር። ባለቤቴ ግን የእንጨት ማማሰያዋን ይዛ ከአጠገቡ አልተነቃነቀችም። ከውጭ ደግሞ ካፊያው ጣሪያውን ይመታል፤ በአጥሩ በኩል ጎረቤቴ፣ "ጋሼ፣ ጣሳዬስ?" ትላለች። ያልሰማ መስዬ እየጻፍኩ ነው።