ውሃ ይዞ ያላደረ ወለል

እናቴን ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ያመጣኋት ብርድ መትቷት ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ሸሽተው የሚመጡበት አገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሆስፒታሉም እኔም ያለነው እዚህ ነው። ሳንባዋን ታማ ሁለት ሳምንት ተኝታ ስትወጣ ሐኪሙ አንድ ነገር አጥብቆ ነገረኝ፦ ከእንግዲህ ደጅ ላይ ገላዋን እንዳትታጠብ። እሷ ደግሞ ቅዳሜን ሳትታጠብ አሳልፋ አታውቅም።

ስለዚህ ከምትተኛበት ክፍል ጎን ያለችውን ዕቃ ቤት ሻወር ላደርግላት ተነሣሁ። ቤቴ የእንጨትና የጭቃ ነው፤ ከላዩ ሲሚንቶ ተለስኗል። ግንበኛው ግድግዳውን አንኳኩቶ ራሱን ነቀነቀ።

"መምህር፣ ውሃ የሚያቆመው ሴራሚኩ እንዳይመስልዎት፤ ከሥሩ የሚቀባው ነው። ጭቃው አንዴ ከጠጣ ይኼ ግድግዳ አይድንም" አለኝ።

ሃያ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ስለ ውሃ ከግንበኛ መማሬ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ግንበኛው ሊጥ የመሰለውን ግራጫ ቅብ ከሰዓት በኋላ ቀባው፤ ጠዋት ስንከፍት ውርጭ መትቶት በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ፍቆ አነሣውና በማግስቱ ረፋድ ላይ እንደገና ሁለት ዙር ቀባ። እጁን ሳይታጠብ አጎቱ መዘዞ ከተማ ውስጥ ማረፋቸው ተነገረው። ወደ ለቅሶው ሊሄድ ሲነሣ እንኳ ሥራውን አልረሳም።

"በራሱ ይድረቅ፤ እሳት እንዳያስጠጉበት። ከአምስት ቀን በኋላ የፍሳሹን ቀዳዳ ይድፈኑና ውሃ ይሙሉበት። ውሃው የደረሰበትን በእርሳስ ያስምሩ። በማግስቱ ከመስመሩ ካልወረደ ሴራሚኩን እናነጥፋለን።"

አምስት ቀን አልጠበቅኩም። የገና በዓል እየደረሰ ነበር፤ እናቴም "ሳልታጠብማ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ ጓሮ ጥግ ይዤ ልታጠብ" ማለት ጀምራለች። ፈራሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰል አቀጣጥዬ ምድጃውን ወለሉ መሐል አስቀመጥኩና በሩን ዘጋሁ። ቅቡ በግማሽ ቀን ደረቀ። ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ጥግ ግን ቀጭን ስንጥቅ ወጥቶ አየሁ። ከተረፈው የቅብ ዱቄት በጥብጬ በጣቴ ለቀለቅኩትና ውሃ ሞላሁ፤ አሰመርኩም። በማግስቱ ውሃው ከመስመሩ ሁለት ጣት ወርዷል።

ተንኖ ነው አልኩ። በዚያ ብርድ ውሃ ባንድ ቀን ሁለት ጣት እንደማይተን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የማስረዳ ሰው ነኝ።

ግንበኛው ፀጉሩን ተላጭቶ ከለቅሶ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። "ውሃውን ይዞ አደረ?"

"ይዞ አደረ" አልኩት። አመነኝ፤ መምህር ነኛ። ሴራሚኩን አነጠፈ።

የገና ዋዜማ እናቴ በሙቅ ውሃ ታጥባ ወጣች። ጉንጯ ቀልቶ፣ እጇን ዘርግታ ረጅም ምርቃት መረቀችኝ። ደስ አለኝ። ዛሬም የማፍረው በዚያ ደስታ ነው።

በየካቲት ከአልጋዋ ራስጌ ያለው ግድግዳ ከሥሩ ጠቆረ። ከዚያ ልስኑ አብጦ ረገፈ፤ ጭዱ ወጣ፤ ክፍሉ እርጥብ ጭቃ ጭቃ ሸተተ። አልጋዋን ወዲያ ገፋንላት፤ ሌላ ክፍል የለኝም። ሳሉ ተመለሰ። ግንበኛውን ጠርቼ ሳሳየው አውራ ጣቱን ግድግዳው ላይ ተጫነ፤ ጣቱ ሰመጠ።

"ማገሩም በስብሷል። አሁን ቢነካ ጣሪያው ይከተላል" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ "ይዞ አደረ ብለውኝ ነበር" አለኝ።

"ብዬ ነበር።"

ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ "ግድግዳውን የሚያፈርሰው የኔ መታጠብ ይሆን?" ስትለኝ፣ ምንም አይደለም፣ ታጠቢ አልኳት። ምን ልበላት? አንድ ቅዳሜ የፈተና ወረቀት ላርም ትምህርት ቤት ሄጄ መነጽሬን ረስቼ ተመለስኩ። የሻወሩ ውሃ ይንፏፏል። ወዲያው ቆመና እናቴ ልብሷን እንደለበሰች፣ እንፋሎት የሚተን ባልዲ በሁለት እጇ አንጠልጥላ ወጣች። ሁለት ጊዜ አስቀምጣ አረፈች። ጓሮ ስትደርስ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንሶላ ዘረጋችና ከኋላው ገባች። ነፋሱ አንሶላውን ያራግበው ነበር።

አልጠራኋትም። ወደ ኋላዬ ተመልሼ የውጭውን በር ቀስ ብዬ ዘጋሁትና መንገድ ላይ ቆምኩ። ትጨርሳለች ብዬ እስካስብ ድረስ ቆምኩ። ስገባ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ታደርቃለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

"ታጠብሽ፣ እማዬ?"

"ታጠብኩ ልጄ። ይኼ ያሠራህልኝ ነገር እንዴት ያለ ነው! ነፍሴ መለስ አለች" አለችና ሳል ያዛት።

እስኪተዋት ጠብቄ፣ "እሰይ" አልኳት።